መታየትና ማሳየት፦ አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥን በግልጽ ስለመታጠቅ

ጥር ወር ነው እንበል፤ ቦታው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አንድ ሰው ሽጉጡን ቀበቶው ላይ ባለ አፎት ውስጥ ከቶ፣ ማንም እንዲያየው ከሸሚዙ በላይ ታጥቆ ከቤቱ ይወጣል። ዕድሜው ደርሷል። የወንጀል ሪከርድ የለበትም። ሽጉጡንም የገዛው በሕጋዊ መንገድ ነው። ቨርጂኒያ እንዲህ በግልጽ የሚታጠቅን ሰው ፈቃድ አውጣ አትለውም። ትንሽ እንደተራመደ ብርዱ አላስቻለውም። ጃኬቱን ደረበና ዚፑን ዘጋ። የጃኬቱ ጫፍ ወርዶ ሽጉጡን ሸፈነው። ይህ ሰው የስውር ትጥቅ ፈቃድ ከሌለው፣ በዚያች ቅጽበት እስከ 12 ወር ሊያሳስረው የሚችል ሕግ ጥሷል።

ሽጉጡ ያው ነው። አፎቱም ያው ነው። የሰውየው ሐሳብም አልተለወጠም። የተለወጠው ከላይ የተደረበው ጨርቅ ብቻ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው ወሬ ነው። ሌሊት ኡበር የሚነዱ፣ የነዳጅ ማደያና የመጠጥ መደብር ያላቸው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ስለ ሽጉጥ መግዛት ያወራሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ከወሬው መሀል ግን አንድ አባባል ሁሌም አይጠፋም፦ «ቨርጂኒያ እኮ ኦፕን ካሪ ነው፤ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ኦፕን ካሪ በግልጽ መታጠቅ ማለት ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ያልተነገረው ሌላው ግማሽ ነው፤ በተለይ ገና ዜግነት ላላገኘ ሰው።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ይዘነው የመጣነው ልማድ ነገሩን ያደናግርብናል። በገጠር ጠመንጃ በትከሻ አንግቦ ገበያ መውጣት የክብር ነገር ነው። ሽጉጥ ደግሞ ኮት ስር ነው፤ በወገብ ሻጥ ይደረጋል። ስለ ወረቀቱ ያለን ሐሳብም ቀላል ነው። ፈቃድ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም። የአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ጉዳዩን የሚጀምረው ከፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሽጉጥ መያዝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይዞ መውጣት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሸፍኖ መውጣት ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንደኛው ተፈቀደ ማለት ሦስቱም ተፈቀዱ ማለት አይደለም። መልሱም ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ማን ነው የሚያየው?

የቨርጂኒያ ሕግ የሚከለክለው ሽጉጥን «ለተራ ዕይታ ተሰውሮ» በሰውነት ላይ ወይም በአጠገብ መያዝን ነው። የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ሁለተኛው ጥፋት ከባድ ወንጀል ተብሎ ይመዘገባል። ሦስተኛው ከዚያም ይከፋል።

ሕጉ ስንት ኢንች መታየት እንዳለበት አይናገርም። እጀታው ብቻ ቢታይ ይበቃል? ከፊት እየታየ ከኋላ ቢሸፈንስ? መለኪያው መንገድ ላይ የሚያልፍ ተራ ሰው ነው። እሱ አይቶ «ይህ ሰው ሽጉጥ ታጥቋል» ማለት ይችል ነበር ወይ? ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሚመልሰው ዳኛው ነው፤ ፖሊሱ የት እንደቆመ፣ ምን እንዳየ፣ ልብሱ እንዴት እንደነበረ እየጠየቀ። አስመስሎ ማለፍም አይሠራም። መሣሪያው ቢታይም ሌላ ነገር እንዲመስል ከተደረገ ሕጉ እንደ ተሰወረ ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስብ። በግልጽ የታጠቀ ሰው ሕጋዊነቱ የሚወሰነው በሌላ ሰው ዓይን ነው ማለት ነው። እሱ «ታይቶልኛል» ቢል ዋጋ የለውም። ቀን ሙሉ ደግሞ ልብስ ይንቀሳቀሳል። ሸሚዝ ከሱሪ ይወጣል። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ይወርዳል። ልጅ ስታቅፉ የልጁ እግር ዳሌያችሁ ላይ ያርፋል። ጋቢ ወይም ነጠላ ለደረበ ሰውማ መጀመሪያውኑ የሚታይ ነገር አይኖርም።

መኪናም ሌላ ጣጣ አለው። ወገባችሁ ላይ ይታይ የነበረው ሽጉጥ ስትቀመጡ በመቀመጫውና በቀበቶው መሀል ይጠፋል። ቨርጂኒያ ለዚህ መውጫ ሰጥታለች። በግል መኪና ውስጥ ሽጉጡ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተዘግቶ ከተቀመጠ ጥፋት አይሆንም። መቀመጫ ስር ወይም ጭናችሁ ስር መወተፍ ግን ሌላ ነው።

ኖርዝ ካሮላይናም መንገዷ ተመሳሳይ ነው። በግልጽ መታጠቅ ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ ከሸፈናችሁት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሀበሻ የሚኖርባት ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳም እንደዚሁ። እዚያ ደግሞ ቅጣቱ በጣም ይከብዳል። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ሰውሮ መያዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስር ይመጣበታል። በግልጽ ቢሆን ግን ምንም ፈቃድ አይጠየቅም። በምንም እና በ5 ዓመት እስር መካከል ያለው የሸሚዝ እጥፋት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ነገሩ ስህተት ወይም ዝርክርክነት አይደለም። የራሱ ታሪክ አለው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ግዛቶች ሽጉጥና ጩቤ መደበቅ የነፍሰ ገዳይ ባሕርይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 ስውር ትጥቅን ከለከሉ። የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1850 በሰጠው ፍርድ የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር። በግልጽ መታጠቅ ሰውን ወደ ወንድነትና ወደ ተከበረ መከላከል ይመራል፤ መደበቅ ደግሞ ለተንኮልና ለፈሪ ግድያ ያጋልጣል። ሐበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠላቱን ፊት ለፊት የሚገጥምና ከጀርባ የሚወጋ በእኛም ዘንድ እኩል አይደሉም።

ያ አስተሳሰብ ግን ለሁሉም እኩል አልሠራም። ቴክሳስ በ1871 ሽጉጥ ይዞ መውጣትን በሰፊው ከለከለች፤ እገዳውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በግልጽ መታጠቅ ይቻልባት ነበር። ከዚያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች መብት ታጋይ ድርጅት አባላት ኦክላንድ ውስጥ መሣሪያቸውን በግልጽ ይዘው ፖሊሶችን መከታተል ጀመሩ። ሕጋዊ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ይህን የሚያስቆም ረቂቅ አቀረቡ። ፓንተሮቹም በግንቦት 2 ቀን 1967 መሣሪያቸውን ይዘው ሳክራሜንቶ ወደሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት ገቡ። ረቂቁ ጸደቀ፤ ገዢው ሮናልድ ሬገን ፈረሙበት። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝ በዚያው ቀረ። ይህን ታሪክ የማነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የሚታይ መሣሪያ በማን ወገብ ላይ እንዳለ አሜሪካ ሁልጊዜም እንደምታይ ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ፍሎሪዳ በ1987 ለስውር ትጥቅ ፈቃድ የመስጠትን ሥርዓት አመጣች። በዚያው ዓመት በግልጽ መታጠቅን ከለከለች። በ1850 ጨዋ ሰው ማለት የሚያሳይ ነበር፤ በ1987 ጨዋ ሰው ማለት የሚሸፍን ሆነ። ምክንያቱም ቱሪስቱ እንዳይደነግጥ፣ ገበያው እንዳይረበሽ ነው።

ፍሎሪዳ ላይ የደረሰው ነገር የጨርቁን ጉዳይ ከሌላው ወገን ያሳየናል። በ2011 ሕጉ ትንሽ ላላ። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡ «ለአጭር ጊዜ» ቢታይበት አይጠየቅም ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ፎርት ፒርስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው አፎቱ ሸሚዙ ላይ ወጥቶ እየታየ መንገድ ዳር ሲሄድ ተያዘ። ፈቃዱን ገና ማግኘቱ ነበር። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እገዳውን አጸናው። በሐምሌ 4 ቀን 2022፣ በነጻነት በዓሉ ዕለት፣ ሌላ ሰው ፔንሳኮላ ውስጥ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እያሳየ፣ በእጁ ሕገ መንግሥቱን ይዞ አደባባይ ቆመ። ተያዘና ተፈረደበት። በመስከረም 10 ቀን 2025 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እገዳው ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፍርዱን ሻረ። የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ ጄምስ አትማየርም ፖሊሶች በዚህ ምክንያት ሰው እንዳይዙ መመሪያ አወጡ። ትናንት የሚያሳስረው ዛሬ መብት ሆነ።

ከጀርባ የቆመው የፌደራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 በኒው ዮርክ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ሽጉጥ ከቤት ውጭ የመያዝ መብት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ታሪኩን ሲያትቱ፣ ግዛቶች በግልጽ የመታጠቁን በር ክፍት እስከተዉ ድረስ ስውሩን ይከለክሉ እንደነበር አስፍረዋል። ስለዚህ ክርክሩ ገና ብዙ ይሄዳል።

አፎቱስ?

ቴክሳስ ዘንድ ጥያቄው ይለወጣል። ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው በግልጽ መታጠቅ ቻለ። ከመስከረም 1 ቀን 2021 ወዲህ ደግሞ ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድም ይችላል፤ ሸፍኖም ሆነ ገልጦ። ግን አንድ ነገር አልቀረም። ሽጉጡ የሚታይ ከሆነ አፎት ውስጥ መሆን አለበት። ድሮ አፎቱ የቀበቶ ወይም የትከሻ እንዲሆን ይጠየቅ ነበር፤ አሁን አፎት ከሆነ ይበቃል። ሱሪ ላይ ሻጥ አድርጎ ሆን ብሎ ማሳየት ግን ዳላስም ሆነ ሂዩስተን ያስጠይቃል።

ስለ አፎት የሚጨነቀው ሕግ ብቻ መሆን የለበትም። ሆልስተር የሚባለው ይህ ዕቃ ሦስት ሥራ አለው። ቃታውን ይሸፍናል። ሽጉጡን አንድ ቦታ አጥብቆ ይይዛል። ሌላ ሰው እንዳይነጥቅም ይከላከላል። ሰዎች በመጨረሻው ላይ ይዘናጋሉ። የተደበቀ ሽጉጥ ማንም አያውቀውም። የሚታይ ሽጉጥ ግን ገንዘብ ለመክፈል ተሰልፋችሁ ሳለ ከኋላችሁ የቆመው ሁሉ ያየዋል። ፖሊሶች ጥብጣብ ወይም የሚጫን መቆለፊያ ያለው አፎት የሚይዙት ለዚህ ነው። ለስላሳ የጨርቅ አፎት ገዝቶ በሚታጠፍ ቀበቶ ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ሽጉጡን ለሌባ እንደማቅረብ ነው። ጠንካራ አፎት፣ የማይታጠፍ ቀበቶ፣ ከወገብ የማያልፍ ጃኬት፣ ሱሪ ውስጥ የገባ ሸሚዝ። እነዚህ አራት ነገሮች ያልተሟሉለት ሰው በግልጽ ለመታጠቅ አልተዘጋጀም ባይ ነኝ።

ይታይ እንጂ አታሳዩት

ይህን ርዕስ በአማርኛ ሳስበው ሁለት ቃላት ረዱኝ። ሽጉጡ መታየት አለበት። እናንተ ግን ማሳየት የለባችሁም። በመታየትና በማሳየት መካከል ያለው ልዩነት በፍርድ ቤት የሰው ዕጣ ይወስናል።

ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሰዎች ተጨቃጨቁ እንበል። አንደኛው ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ወገቡን ገለጠ። አልመዘዘም፣ አላነጣጠረም። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህም ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ሌላውን ሰው በሚያስፈራ ሁኔታ መሣሪያ መያዝን ወይም መደቀንን ሕጉ ይከለክላል። እጅን እጀታው ላይ አሳርፎ መናገርም ለክስ በር ይከፍታል። ኖርዝ ካሮላይና ደግሞ ሕዝብን ለማሸበር ታጥቆ መዞር የሚባል አሮጌ ወንጀል አላት፤ ፍርድ ቤቷ ከ1843 ጀምሮ ያውቀዋል። መሣሪያ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ለማስፈራራት ይዞ መውጣት ግን ነው።

እንግዲህ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እዩ። ትንሽ ከተሸፈነ በአንድ በኩል ጥፋት ነው። ትንሽ ከተገለጠ፣ በንዴት ከተገለጠ፣ በሌላ በኩል ጥፋት ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው የሚራመደው።

ፖሊስስ? በወረቀት ላይ ሕጉ ለታጣቂው ያዘነብላል። ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድንና ኖርዝ ካሮላይናን የሚያስተዳድረው የ4ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ከቻርሎት በመጣ ጉዳይ ላይ፣ በግልጽ መታጠቅ በሚፈቀድበት ቦታ መታጠቅ ብቻውን ሰውን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም ብሏል። የ6ኛው ወረዳም በ2015 ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል፤ ቶሌዶ ውስጥ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ውሻውን ይዞ ሲሄድ ስለተያዘ ሰው።

ወረቀቱና መንገዱ ግን አንድ አይደሉም። በነሐሴ 2014 ኦሃዮ፣ ቢቨርክሪክ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት ከሱቁ መደርደሪያ ያነሳውን የአየር ጠመንጃ ይዞ ሲዞር በፖሊስ ተገደለ። ኦሃዮ በግልጽ መታጠቅ የሚፈቀድባት ግዛት ናት። በሐምሌ 2016 ሚኒሶታ፣ ፋልከን ሃይትስ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጥቁር ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ «መሣሪያ ይዣለሁ» ብሎ ለፖሊሱ በጨዋነት ነገረው። በሴኮንዶች ውስጥ ተተኮሰበት፤ ሞተ። ፖሊሱ በነጻ ተለቀቀ። በማግሥቱ ዳላስ ውስጥ ፖሊሶች በጥይት ሲገደሉ፣ ሰልፉ ላይ ጠመንጃ በግልጽ ይዞ የነበረ ጥቁር ሰው ፎቶው በተጠርጣሪነት ተሰራጨ። ምንም አላጠፋም ነበር፤ በሕጉ መሠረት ነበር የያዘው።

በሌላ በኩል ኮሎራዶ ስፕሪንግስን አስቡ። በጥቅምት 31 ቀን 2015 አንዲት ሴት ጠመንጃ የያዘ ሰው አይታ 911 ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ በግልጽ መታጠቅ እንደሚፈቀድ ነገረቻት። ትንሽ ቆይቶ ያ ሰው ሦስት ሰዎችን ገደለ። ሁለቱም ሐቆች ናቸው። መሣሪያ መታየቱ ብቻ ደጉን ከክፉ አይለይም። ፖሊሱም አላፊ አግዳሚውም የሚገምተው ከሰውየው መልክ፣ ከአነጋገሩ፣ ከአረማመዱ ነው። እኛ ደግሞ ጥቁሮች ነን፤ እንግሊዝኛችን ቅላጼ አለው፤ ስንደነግጥ እጃችንን እያወናጨፍን እንናገራለን። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ በግልጽ መታጠቅ ለእኛ ሕጉ ከሚለው በላይ አደገኛ ነው እላለሁ። ይህን ስል ያመኛል፤ ምክንያቱም መብት ለሁሉም እኩል መሆን ነበረበት።

ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ላይ ብዙ አልቆይም። የግል ቦታ ባለቤት «መሣሪያ ይዘህ አትግባ» ካለ ነገሩ አበቃ። ስታርባክስ በ2013፣ ታርጌት በ2014፣ ዎልማርት ደግሞ ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ባለው ሱቁ ከደረሰው የጅምላ ግድያ በኋላ በ2019 ደንበኞቻቸው በግልጽ ታጥቀው እንዳይመጡ ጠይቀዋል። የደብሩ ሰበካ ጉባኤም መከልከል ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ በር ላይ 30.07 የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ በግልጽ ታጥቆ መግባትን የሚከለክል ነው።

ድልድዩ

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የራሳችን ችግር አለን። አሌክሳንድሪያ አድሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርቶ፣ ማታ ዲሲ ቡና የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ዲሲ በግልጽ መታጠቅን ትከለክላለች። ስውሩም የራሷን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ያለ ፈቃድ የተያዘ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሜሪላንድም ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የሌላ ግዛት ፈቃድ አይሠራባትም። ከጥቅምት 2023 ወዲህ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰውም ሽጉጡን መሸፈን አለበት። ቨርጂኒያ «አሳይ» ስትል፣ ሜሪላንድ «ሸፍን» ትላለች። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ መሀሉ ላይ ለአጭር ርቀት የዲሲን ክልል ይነካል። በአንድ ድልድይ ላይ ሦስት ሕግ ማለት ነው። ሽጉጥ ይዞ መሻገር ግድ ከሆነ የፌደራል ሕግ ያስቀመጠው መንገድ አለ። መነሻና መድረሻው ላይ መያዝም ይዞ መንቀሳቀስም የተፈቀደላችሁ መሆን አለበት። ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ፣ ከተሳፋሪው በማይደረስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆልፎ መጓዝ አለበት።

ትምህርት ቤትም አለ። የፌደራል ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ግዛቱ የሰጠው ፈቃድ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነጻ ነው። አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከየትኛውም ትምህርት ቤት 300 ሜትር ርቆ ቀን ሙሉ መዞር ይቻላል? እኔ አይመስለኝም። «ኦፕን ካሪ ነው፤ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚለው ሰው ይህን አልሰማም።

ግሪን ካርድ ላላችሁ

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህኛው ነው።

በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥ መያዝ ራሱ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያለ ሰው የስደት ጠበቃ ሳያነጋግር ሽጉጥ አይንካ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን መግዛትም መታጠቅም ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሲሳሳት ነው።

የስደት ሕጉ ሕግን በመጣስ ሽጉጥ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር ሊያስወጣ የሚችል አንቀጽ አለው። ጥፋቱ ከባድ ወንጀል እንዲሆን አይጠይቅም። ቅጣቱ መቀጮ ብቻ ቢሆንም ችግሩ አይቀርም። ጠበቃ የሚከራከርባቸው ነጥቦች አሉ፤ የየግዛቱ ሕግ አጻጻፍም ይለያያል። ግን መጀመሪያ ላይ ያየነውን ሰው መልሳችሁ አስቡት። አሜሪካዊው ጎረቤቱ ጃኬቱ ሽጉጡን ሸፍኖበት ቢያዝ፣ ከፍሎ ወይም ጥቂት ቀን ታስሮ ወደ ቤቱ ይገባል። የእኛ ሰው በዚያው ጃኬት የተነሳ የስደት ዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል። ሚስቱና ልጆቹ እዚህ ቢሆኑም፣ 15 ዓመት ግብር ቢከፍልም።

ለዚህ ነው በግልጽ ለመታጠቅ የወሰነ ሰው እንኳ የስውር ትጥቅ ፈቃድ ያውጣ የምለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ማመልከቻው የሚገባው በምትኖሩበት ከተማ ወይም ካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። ጠቅላላ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ሥልጠና ተቀባይነት የለውም፤ በአካል መገኘት አለባችሁ። ይህም ጥሩ ነው፤ አፎት እንዴት እንደሚመረጥ እዚያ ትማራላችሁ። ፈቃዱ ኪሳችሁ ካለ ጃኬቱ ቢወርድም ወንጀል አይሆንም። የትምህርት ቤቱም ችግር ይቃለላል። እነዚህ ሕጎች በየዓመቱ ስለሚነኩ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የዚያን ዓመት ሕግ እዩ።

ፖሊስ ካስቆማችሁ እጃችሁን ከወገባችሁ አርቁ። ጃኬቱን ልግለጥ ብላችሁ እንዳትንቀሳቀሱ። የሚላችሁን ጠብቁ፤ በእንግሊዝኛ ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ።

ክስ ከመጣ ደግሞ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። «ትንሽ መቀጮ ናት፤ ጥፋተኛ ነኝ በልና ጨርስ» የሚል ምክር ከመንገድ አትቀበሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ከኬንታኪ በመጣ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃ የምታምኑት ጥፋት ከአገር ያስወጣ እንደሆነ ሊነግራችሁ ይገባል። ስለዚህ ገና ስትገናኙ ዜጋ እንዳልሆናችሁ ንገሩት፤ የግሪን ካርዳችሁን ቅጂ ስጡት። ከመፈረማችሁ በፊትም የስደት ጠበቃ ወረቀቱን ይየው።